ማስተካከያ፦ ፈለገ ሕይወት እና ጥበበ ግዮን አንድ አይደሉም

ባሕር ዳር ነርሲንግ ለሚማሩ ተብሎ በቴሌግራም የተዘዋወረው ጽሑፍ «ፈለገ ሕይወት የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው» ይላል። ስህተት ነው። ከሆስፒታሎቹ ይፋዊ መረጃ እንደሚታየው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የራሱ የማስተማሪያ ሆስፒታል ጥበበ ግዮን ነው። ፈለገ ሕይወት ደግሞ በአማራ ክልል ጤና ቢሮ ሥር ያለ ነባር ሆስፒታል ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፈለገ ሕይወት ወደ ጣና ዳር ነው፤ ጥበበ ግዮን ግን ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ ስለሆነ፣ ለጠዋት ተረኛነት የወጣ ተማሪ ሁለቱን ካምታታ በባጃጅ ቢመለስም የተረኞች ርክክብ ያመልጠዋል፣ ታማሚው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ የሚነገረው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። የልምምድ ምደባችሁ ላይ የሆስፒታሉን ስም አይታችሁ ውጡ። ቤት የምትከራዩም ምደባውን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።