ዥዋዥዌውና የፋሲካው ሙክት

በሰሜን ሸዋ ከተሞች መሬት ያገኘ ሰው በቅድሚያ አጥሩን ያጥራል፤ ቀጥሎም ለማጀቱ፣ ለማገዶው፣ ለኩበቱ፣ ለዶሮዎቹ፣ ለጌሾው፣ ከግንባታ ለተረፈው ብሎኬትና «አንድ ቀን ይጠቅማል» ለተባለው ዝገት የበላው ቆርቆሮ በየተራ ቦታ ይመራል። በዚህ ድልድል ልጆች የሉበትም። የእነሱ ድርሻ ሌላው ሁሉ በተመራው ቦታ ላይ እንዳይደርሱ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ነው፦ «ከብሎኬቱ ላይ ውረድ! ጌሾውን ተዪው! ኩበቱን የናደው ማነው?» የደብረ ብርሃን ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የሚለምደው ቃል «ውረድ» ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

«እኛስ የት ተጫውተን አደግን?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። የተጫወትነው ከአጥር ውጭ ነው። አኩኩሉ የምንባባልበት ሜዳ ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል፤ ሰኞ ማክሰኞ እናሰምርበት የነበረው መንገድ ላይ ባጃጅ ይርመሰመስበታል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውራ ጎዳናም ለሲኖትራክ እንጂ ለብይ ተጫዋች የሚራራ አይደለም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን ሲቆረቁሩ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ማሠራታቸው ተጽፏል፤ ሸርተቴ አሠሩ የሚል ግን አላነበብኩም፤ ስለዚህ ጉድለቱ የእኛ ዘመን ብቻ እንዳይመስል።

በእኛ ቤት ግቢው ለልጆች እንዲመች፣ ሥራውም በገዛ እጃችን እንዲሠራ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። የደገፍነው እኔና ባለቤቴ ስንሆን አማቴ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የልጆቹ ድምፅ አልተቆጠረም፤ ነገሩ የሚመለከተው እነሱን ስለሆነ አስተያየታቸው ሚዛናዊ አይሆንም ተብሎ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ስፋት ነበር። ስለ ዥዋዥዌ የሚመክሩ ሰዎች ገመዱ የሚታሰርበት ማገር ከመሬት ሁለት ሜትር ከፍ ካለ፣ ከፊቱ አራት ሜትር ከኋላውም አራት ሜትር ምንም ነገር የሌለበት ባዶ ቦታ ይኑር ይላሉ። ይህን ያሉት ሰዎች በ200 ካሬ ላይ ኖረው እንደማያውቁ ግልጽ ነው። በእኛ ግቢ ስምንት ሜትር ባዶ ቦታ ለማግኘት ወይ ማጀቱ ይፈርሳል፣ ወይ ብሎኬቱና ኩበቱ ይነሣሉ። ብሎኬቱን አነሣን፤ ኩበቱ ዘንድ ስንደርስ ግን አማቴ ድምፀ ተአቅቧቸውን አንሥተው፣ «ልጄ፣ ዥዋዥዌ እንጀራ ይጋግራል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አይጋግርም እማማ፤ እርስዎ እንዳሉት ነው» ብዬ ካመንኩ በኋላ፣ ከብዙ ድርድር ኋላ ኩበቱ ወደ አጥሩ ጥግ እንዲዛወርና የክምሩም አናት በእሳቸው ቁጥጥር ሥር እንዲቆይ ተስማማን።

ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የእንጨት ችግር በእኛ በኩል የለም፤ ችግሩ እርጥብ አጣና ሲደርቅ መጠማዘዙና መሰንጠቁ ነው። ስለዚህ የደረቀ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ቋሚ ተመረጠ። ማገሩና ቋሚው በሚስማር ሳይሆን በቡሎንና በዳዶ ተያዙ፤ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ነገር ሚስማርን ቀስ በቀስ ስለሚያወልቀው ነው። ጥቁሩ መረሬ አፈራችን ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ እንጨት እንደ ጥርስ የሚነቅልበት ጊዜ ስላለ የቋሚው ሥር በድንጋይና በሲሚንቶ ተጠቀጠቀ። «በገዛ እጅ መሥራት» የሚባለው ነገር እዚህ አገር እንደማይቻል የተረዳሁትም ያኔ ነው፤ መጋዝ ድምፅ ማሰማት እንደጀመረ መንገደኛው ሳይቀር በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ጉድጓዱ ጥልቀት እንደሚያንሰው ይናገራል፣ ከዚያም ገብቶ ቡና ይጠጣል።

ከዥዋዥዌው ሥር ልጅ ቢወድቅ እንዳይጎዳ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ተደለደለ፤ ድመት እንዳትጸዳዳበትም ማታ ማታ ሸራ ይለብሳል። ከጎሚስታ ያገኘናቸው አሮጌ ጎማዎች በከፊል ተቀብረው መዝለያ ሆኑ። ጎማ ውኃ እንዳያቁር ሥሩን መብሳት ያስፈልጋል፤ በደጋው ነገሩ የጭቃ ጉዳይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ለሚኖር ሰው ግን ወባም ባይሆን ሌላ የትንኝ ጣጣ አለበት። ጉሎውና ሳማው ተነቀሉ። የውኃው በርሜልም ክዳን ተገጠመለት፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፤ ሕፃን ልጅ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ውስጥም ሊሰጥም ይችላል፣ በየግቢያችን አፉን ከፍቶ የሚውለውን በርሜል ግን «ውረድ» የሚለው የለም።

ሸርተቴው ከላሜራ የተበየደ ነው። 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ላሜራ ሁለት ጠባይ አለው፤ በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ይዞት መቀመጫ ያደነዝዛል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ያው መቀመጫ ይለበልባል። በዚህ ምክንያት ከኮኩ ዛፍ ጥላ ሥር ተተከለ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ሸርተቴው ፀሐይ ላይ ተገትሮ፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ በርበሬ ተሰጥቶበት ተገኘ። ባለቤቴን ስጠይቃት «በርበሬ ጥላ ይወዳል እንዴ?» አለችኝ፤ ተዳፋት ስለሆነ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ውኃው እንደማይተኛበትም አስረዳችኝ። ልጆቹ ዙሪያውን እያስነጠሱ ይጫወቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግቢው በፍጥነት ወደ ጥንት ባለቤቶቹ ተመለሰ። የዥዋዥዌው ገመድ ልብስ ተሰጣበት። ጎማዎቹ ላይ አጎዛ ጣል ተደርጎባቸው የማኅበር ዕለት መቀመጫ ሆኑ፣ ተመችተዋልም። አሸዋው «አንዲት አካፋ ብቻ፣ ለደረጃው መለሰኛ» በሚሉ ጎረቤቶች እየተመናመነ ሠላሳው ሳንቲ ሜትር ወደ አሥር ወረደ። የዕድሩ ዳኛም ቋሚዎቹን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ድንኳን ለመወጠር እንደሚሆኑ መሰከሩ።

ሁሉንም ያስናቀው ግን ለፋሲካ ከመንዝ የወረደው ሙክት ነው። በሆሳዕና ማግሥት የዥዋዥዌው ቋሚ ላይ ታሰረ፤ ከዚያ የጠነከረ ምሰሶ በግቢው ውስጥ የለምና። ለልጆቹ ይህ ትልቅ ደስታ ነበር፤ ሣር አበሉት፣ ስም አወጡለት፣ ጎማው ላይ ሊያወጡትም ሞከሩ። የበዓሉ ሌሊት ሙክቱ ከታረደ በኋላ ደግሞ ለመግፈፊያ የሚመች ከፍታ ያለው ማገር የቱ እንደሆነ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ጎረቤታችን ጋሼ ቢላዋቸውን እየሳሉ ማገሩን ሽቅብ ተመልክተው፣ «እግዜር ይስጥህ፤ ለበግ መስቀያ እንዲህ ያለ ነገር በሠፈራችን አልነበረም» ብለው መረቁኝ፤ ከማለዳው ጀምሮም የየቤቱ በግ በተራ መጣ። ልጆቹ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመው «የእኛ ተራስ መቼ ነው?» ሲሉ የሰማቸው እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን በድርድር የተገኘ ሥርዓት አለ። በርበሬ ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ ልብስ ቅዳሜ ብቻ ይሰጣል፤ አሸዋ የወሰደ አሸዋ ይተካል፤ ዥዋዥዌው ለበዓላት ዋዜማና ማግሥት ለልጆች ዝግ ነው። አማቴ ይህን ሁሉ ከኩበቱ ክምር አጠገብ ሆነው ያስከብራሉ፤ ከጠበቅኩት በላይም ለልጆቹ ያደላሉ።

በዚህ ስምምነት የተበረታቱት ልጆች ለክረምቱ ትንሽ ጎጆ ይሠራልን ብለው ጠየቁ። አጣናው ተገዝቶ፣ ልኩ መሬት ላይ በገመድ ተሠምሮ ሳለ ጋሼ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉና፣

«ስንት ትይዛለች?» አሉኝ።

«ሦስት ልጅ ጋሼ» አልኳቸው።

ሥምሩን በዓይናቸው ዞሩት። «ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ከተቀመጡ» አሉ፣ «ሁለት ኩንታል ገብስ አያቅታትም።»