አዲስ ቼዝ ለመፍጠር ዘንዶ አያስፈልግም

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ የተዋወቅሁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱ የፈጠረውን ቼዝ አሳየኝ። ቦርዱ አሥር በአሥር ነው። ከለመድናቸው ጠጠሮች ሌላ አንበሳ፣ ዋልያና ዘንዶ አለበት። አንበሳው በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ይበላል። ዋልያው እንደ ፈረስ ይዘላል፣ ግን ራቅ አድርጎ። የዘንዶው ነገር እስካሁን አልገባኝም። ደንቡ አራት ገጽ ሞልቷል፤ ያውም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ።

ልጁ ጎበዝ ነው። ሐሳቡን ግን አልወደድኩትም፣ ይህንንም ነግሬዋለሁ። አዲስ ቼዝ ልንደፍ ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ይሄንኑ ነው። ቦርዱን ያሰፋል፣ ጠጠር ይጨምራል፣ ለጠጠሮቹ ስም ያወጣል። ስም ማውጣቱ ደስ ይላል። ጨዋታው ግን እዚያው ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

ይህ በትልልቆቹም ደርሷል። ኩባዊው ሆዜ ራውል ካፓብላንካ ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን ነበር (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። በዚያው በ1920ዎቹ ቼዝ በአቻ ብዛት ሊሞት ነው ብሎ ሰጋ። ስለዚህ አሥር በስምንት የሆነ ቦርድ ይዞ መጣ። ሁለት ጠጠርም ጨመረ። አንዱ እንደ ግንብም እንደ ፈረስም ይሄዳል፣ ሌላው እንደ ጳጳስም እንደ ፈረስም። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ሐሳቡን ያመጣውም በዘመኑ አንደኛ የተባለ ሰው ነው። ዛሬ ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ብታስሱ ግን ያን ቦርድ የምታገኙት አይመስለኝም። ሰው እቤቱ ያለው ስምንት በስምንት ነው። ለሁለት ተጨማሪ ጠጠር ማን እንጨት ያስጠርባል?

ስለዚህ ለልጁ ያልኩት አጭር ነበር፦ ቦርዱን ተወው፣ ጠጠሮቹንም ተዋቸው፣ አንድ ደንብ ብቻ ለውጥ።

በዚህ መንገድ ከሄዱት ሁሉ የተሳካለት አሜሪካዊው የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር ነው። በ1996 ቦነስ አይረስ ላይ ይፋ ያደረገው ጨዋታ ከሱቅ የሚገዛ ምንም ነገር አይፈልግም። ወታደሮቹ እንደተለመደው ይቆማሉ። ከኋላቸው ያሉት ስምንት ጠጠሮች ግን በዕጣ ይደረደራሉ። ሁለት ግዴታ ብቻ አለ። ሁለቱ ጳጳሳት በተለያየ ቀለም ላይ መቆም አለባቸው፣ ንጉሡም በሁለቱ ግንቦች መካከል መሆን አለበት። ይህ 960 አሰላለፍ ይሰጣል። ቁጥሩ የጨዋታው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ፊሸርን ያስመረረው ሽምደዳ ነው። ትልልቆቹ ተጫዋቾች የመጀመሪያዎቹን ሃያና ሃያ አምስት እርምጃዎች እቤታቸው ሸምድደው ይመጣሉ። ዛሬ በኮምፒውተር ዘመን ብሶበታል። በ2018 ካርልሰንና ካሩዋና ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲፋለሙ አሥራ ሁለቱም መደበኛ ጨዋታዎች አቻ ወጡ። አንድም ሳይቀር! በ2019 ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ለፊሸር ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና ሲሰጠው ዌስሊ ሶ ያንኑ ካርልሰንን አሸነፈው። በ2022 ደግሞ ሬይኪያቪክ ላይ ናካሙራ ወሰደው።

ከፊሸር የቀለለ ለውጥ ያሰበም አለ። የቀድሞው ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክ ካስሊንግ (ንጉሥና ግንብ በአንድ እርምጃ አብረው የሚንቀሳቀሱበት ደንብ) ይቅር አለ። በቃ፣ ያ ብቻ ነው። ንጉሥህን ጥግ ውስጥ መደበቅ ካልቻልክ ጨዋታው መሐል ላይ ይሞቃል። በ2020 ዲፕማይንድ ከተባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ ይህንን ጨምሮ ዘጠኝ የደንብ ለውጦችን አልፋዜሮ በተባለው ፕሮግራም አስፈተሸ። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ደንብ ከራሱ ጋር ደጋግሞ ተጫወተና ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል አሳየ። ሰው በአንድ ዕድሜ የማይጨርሰውን ሙከራ ማሽን ይጨርሰዋል። ለነዳፊ ትልቅ ነገር ነው። ፕሮግራሙ የማይነግረን ጨዋታው ያስቃል ወይ የሚለውን ነው፤ ያንን ካፌ ገብቶ መሞከር ነው።

ፊሸር ሽምደዳውን በዕጣ ነው የገደለው። እኔ በዕጣው ብዙም አልደሰትም። አሰላለፌን ዕጣ ሲመርጥልኝ የሰው ቤት ገብቼ ማብሪያ ማጥፊያውን በዳበሳ የምፈልግ ይመስለኛል። ሽምደዳን የሚገድል፣ አሰላለፉን ግን ለተጫዋቹ የሚተው ደንብ የለም ወይ? አለ። እሱም በዓለም ላይ ካሉት የቼዝ ዓይነቶች ሁሉ የኛ ሰንጠረዥ፣ ማለትም የድሮው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ የሚለይበት ነው፦ ወረራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። አንተ ሦስት ስትሄድ እኔ ሰባት ልሄድ እችላለሁ። ያንተን አሰላለፍ እያየሁ የራሴን አስተካክላለሁ፣ አንተም የኔን እያየህ ታስተካክላለህ። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ይህ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ጨዋታው በተራ ይሆናል።

እስቲ አስቡት። የሚሸመደድ መክፈቻ የለም። ዕጣም የለም። ሠራዊትህን የምታሰልፈው ራስህ ነህ፣ ያውም ባላንጣህ እያየህ። ፊሸር በ1996 የደረሰበትን ችግር ለመፍታት ያልታሰበ አሮጌ ደንብ ከፊሸር በተሻለ ሲፈታው ማየት ይገርማል። የትኛው ቀድሞ መጣ የሚለው ክርክር አያስፈልግም።

ሰንጠረዥ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል። ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ነው እየጠፋ የሄደው። ስለ ደንቡና ስለ ታሪኩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ሰፋ አድርገው ጽፈዋል። መጽሔቱን የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ያ ተማሪ ዘንዶውን ከሚስልበት ካፌ በእግር የሚደረስ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስቀድም። «የኛ ስለሆነ እንጫወተው» የሚለውን አልቀበልም። ቅርስ ስለሆነ ብቻ የሚጫወት ሰው ለፎቶ አንዴ ይጫወታል፣ ከዚያ ይተወዋል። ጨዋታ ደስ ካላለ ደስ አይልም። ሰንጠረዥን እንዳለ መልሰን እናምጣ ብንል ደግሞ አብዛኛው የዛሬ ተጫዋች ይሰለቸዋል። ንግሥት የለችም። በሷ ቦታ ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። በጳጳሱ ቦታ ያለው ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት እየዘለለ ይሄዳል፤ ዕድሜውን ሙሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች ስምንቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። አውሮፓም እንዲህ ነበር የሚጫወተው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው ንግሥቷና ጳጳሱ የዛሬውን ጉልበት ያገኙት። «ቼዝ አይነካም» ለሚሉ ወንድሞቼ ይህንን ማስታወስ እወዳለሁ። ዛሬ አይነካም የምትሉት ራሱ አንድ ጊዜ ተነክቶ የተሠራ ነው።

ታዲያ ወረራን ወስደን በዛሬዎቹ ጠጠሮች ላይ ብንጭነውስ? ከጓደኛዬ ጋር ሞከርነው። ወዲያው ፈረሰ። ምክንያቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው የአራት እርምጃ ቼክሜት ነው። ወታደሩን ግፋ፣ ጳጳሱን አውጣ፣ ንግሥቷን አውጣ፣ ከንጉሡ አጠገብ ያለውን ወታደር ብላ። ተራ ከሌለ ይሄንን ለማድረግ ፈጣን እጅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በድሮው ሰንጠረዥ ይህ አይሠራም። እዚያ ፈረስ በሦስት እርምጃ ገብቶ ወታደር ሊበላ ይችላል፤ ግን ብቻውን ነውና እሱም ወዲያው ይበላል። ወረራ የቆመው በጠጠሮቹ ቀርፋፋነት ላይ ነበር ማለት ነው። ጠጠሮቹን ስታፈጥን ደንቡ መሠረቱ ይናዳል። ንድፍ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ክር ስትስብ ሌላው ይፈታል።

መጀመሪያ ያሰብነው መፍትሔ ወረራው በመብላት ሳይሆን የመሐሉን መስመር በመሻገር እንዲያበቃ ነበር። ማንም ሰው ጠጠሩን ወደ ሌላው ግማሽ ባሳለፈ ቅጽበት ወረራው ያልቃል፣ ተራው የሌላው ይሆናል። ይህ አንድ ጥሩ ነገር አለው። ቶሎ የተሻገረ የራሱንም የማሰለፊያ ጊዜ ያሳጥራል፤ ስለዚህ መጣደፍ ዋጋ ያስከፍላል። ግን ቀዳዳ አለው። ንግሥቷን በራስህ ግማሽ ውስጥ፣ ከጳጳሱ ጋር አቀናጅተህ ታደባለህ፤ ከዚያ በአንድ ዝላይ ትሻገርና ቼክሜት! ባላንጣህ ተራው ሲደርሰው ንጉሡ ሞቷል። ቀዳዳውን የደፈንነው በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፦ የመጀመሪያው ተሻጋሪ መብላትም ቼክ ማለትም አይችልም።

ቀጥሎ የእጅ ፍጥነት መጣ። ሁለት ሰው በአንድ ቦርድ ላይ አራት እጅ ሲያስገባ ጠጠር ይወድቃል፣ ቡና ይደፋል፣ ሰው ይነታረካል። ለዚህ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከአሥራ ሁለት እርምጃ በላይ አይፈቀድ አልን። ያኔ ፈጣኑ ቀድሞ ይጨርስ እንደሆነ እንጂ አብልጦ አያሰልፍም። ግን ሌላ ጣጣ ወለደ። ቀድሞ የጨረሰ ይጎዳል፣ ዘግይቶ ያሰለፈ ሁሉን አይቶ ነው የሚያሰልፈው። ስለዚህ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ይተያያሉ። ስልክ ላይ አንድ ደቂቃ ሞላን። ስልኩ ሲጮህ የቀረህ እርምጃ ይቃጠላል፣ ነጭ ይጀምራል፤ እሱም በዚያች በመጀመሪያዋ እርምጃ መብላትም ቼክ ማለትም አይፈቀድለትም። ካስሊንግ ቀረ። ንጉሥህን የት እንደምታስቀምጥ ለማሰብ ሙሉ ደቂቃ ተሰጥቶሃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ሳናስበው ክራምኒክ ሰፈር ደረስን።

ደንቡ ይሄው ነው፤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም።

ከሰንጠረዥ ሌላም የምሰርቀው ነገር አለ። ድሮ ቼክሜት ሁሉ እኩል አይከበርም ነበር። በግንብ ወይም በፈረስ ያሸነፈ ብዙም አይመሰገንም። በወታደር ያሸነፈ ግን ይጨበጨብለታል። ባላንጣን ንጉሡ ብቻውን እስኪቀር ማራቆትም አያዋጣም፤ ራቁቱን የቀረ ንጉሥ ላይ ድል የለም። ይህንን በነጥብ ማስገባት ቀላል ነው። በንግሥት ቼክሜት አንድ ነጥብ፣ በጳጳስ ሁለት፣ በወታደር ሦስት። ነጥቦቹን ማንም እንደፈለገ ይቀይራቸው። አሸናፊነት ላይ ለዛ ሲጨመርበት የተጫዋቹ አጨዋወት ይለወጣል። በንግሥት መግደል እየቻለ ወታደሩን እየገፋ ሲንፈራገጥ ታዩታላችሁ፤ አንዳንዴም በዚያው ይሸነፋል። የሚያስቀው ይሄ ነው።

መሐል ከተማችን ለዚህ ይመቻል። በየሰፈሩ ካርቶን ላይ መስመር አስምረው በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። አንዱ ቆርኪ በሆዱ፣ ሌላው በጀርባው ይቆማል፣ ጨዋታ ተጀመረ። የገንዘብ ጥያቄ እዚያ የለም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። እዚያ ላይ ቦርድ የተቀረጸበት አንድ ሁለት የድንጋይ ጠረጴዛ ቢቆም ከተማዋ አትደኸይም። የድሮው ሰንጠረዥ ጥቁርና ነጭ ቤት እንኳን አልነበረውም፤ ጨርቅ ላይ መስመር ብቻ ነበር። ጠመኔም ይበቃል።

የቀረኝ አንድ ያልተፈታ ነገር ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅስ አሥራ ሁለቱን እርምጃ ማን ይቆጥራል? ተጫዋቾቹ ራሳቸው አይችሉም፤ ዓይናቸው ቦርዱ ላይ ነው። ሁለት ቆጣሪ ያስፈልጋል፣ ለእያንዳንዱ አንድ። እኛ ጋ ግን ሁለት ሰው ሲጫወት ዙሪያውን ስድስት ሰው ቆሞ «እሱን አትንካው! ፈረሱን! ፈረሱን!» ይላል። ከስድስቱ ሁለቱን «ቁጠሩ»፣ ሌሎቹን «ዝም በሉ» ማለት ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው። ለዚያ ያገኘሁት ቅጣት አንድ ነው፦ ወረራው ሳያልቅ አፉን የከፈተ ተመልካች የሁለቱንም ተጫዋቾች ማኪያቶ ይከፍላል።