ቻይና የምትገዛው ዘይት ሳይሆን መኖ ነው

ቻይና በዓመት ከውጭ የምታስገባው አኩሪ አተር 100 ሚሊዮን ቶን ገደማ ደርሷል። ከቅባት እህሎች ተርታ ስለሚመዘገብ፣ ነገሩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው አገሪቱ የምግብ ዘይት ያጠራት ይመስላል። መጭመቂያ ፋብሪካው ውስጥ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ከ100 ኪሎ አኩሪ አተር የሚገኘው ዘይት ከ20 ኪሎ የማይበልጥ ሲሆን፣ 80 ኪሎ የሚጠጋው በፕሮቲን የዳበረ ፋጉሎ ሆኖ ወደ አሳማና ዶሮ መኖ ይሄዳል። ዘይቱማ በፓልም ዘይትም ይተካል።

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ቻይና ከምትገዛው ይልቅ የምትሸጠው አኩሪ አተር ይበልጥ ነበር። ያን ጊዜ የገጠር ቤተሰብ በጓሮው የሚያረባው አሳማ የማዕድ ትራፊ፣ ፉርሽካና የስኳር ድንች ሐረግ እየበላ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ከውጭ የሚገዛለት ነገር አልነበረም። ገቢ ጨምሮ ከተሞች ሲሰፉ ስጋው ከትልልቅ እርባታዎች መምጣት ጀመረ። እዚያ ያለው አሳማ በስድስት ወር ገደማ ለእርድ መድረስ ስላለበት በቆሎና ፋጉሎ ተመጥኖ ይቀርብለታል፤ የመኖ ፍላጎቱ ከስጋው ፍላጎት በላይ የፈጠነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መንግሥትም መንገዱን አመቻችቷል። ለበቆሎ 7.2 ሚሊዮን ቶን ኮታ ወስኖ ከዚያ በላይ ለሚገባው 65 በመቶ ቀረጥ ሲጥል፣ አኩሪ አተርን በ3 በመቶ አስገባ። በሄክታር ሁለት ቶን ገደማ የሚሰጠውን አኩሪ አተር ከብራዚልና ከአሜሪካ እየገዙ ከስድስት ቶን በላይ የሚሰጠውን በቆሎ በራስ መሬት መዝራት፣ በእኔ እምነት፣ ትክክለኛ ስሌት ነበር። 100 ሚሊዮን ቶኑን አገር ውስጥ ለማምረት 50 ሚሊዮን ሄክታር ያስፈልጋል፤ ይህ ከጠቅላላ የእርሻ መሬቷ ሲሶ ይበልጣል።

ቻይና በ2018 በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ የጣለችው 25 በመቶ ታሪፍ በአንድ ሻጭ ላይ መደገፍ ምን ያህል እንደሚያሰጋ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ታሪፉ ግዢውን ወደ ብራዚል አዞረው እንጂ ፍላጎቱን አላጠፋውም። ፍላጎቱን የቀነሰው በዚያው ዓመት የገባው የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ ነበር፤ መንጋው ማገገም ሲጀምር ግን ግዢው በ2020 ከ100 ሚሊዮን ቶን አለፈ።

እንግዲህ ጥገኝነቱን መቀነስ የሚቻለው ከማሳው ይልቅ በመመገቢያ ገንዳው ላይ ነው። በ2022 በመኖ ውስጥ 14.5 በመቶ የነበረውን የፋጉሎ ድርሻ በ2025 ከ13 በመቶ በታች ለማውረድ የወጣው ዕቅድ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። አሳማ የሚፈልገው ፋጉሎውን ራሱን ሳይሆን የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑትን አሚኖ አሲዶች ነው፤ በበቆሎ ውስጥ በዋናነት የሚያንሰው ላይሲን ሲሆን፣ እሱን ደግሞ የቻይና ፋብሪካዎች በቆሎውን ራሱን አብላልተው በብዛት ያመርቱታል። የፋብሪካ መኖ ምርቷ ከ300 ሚሊዮን ቶን ስለሚበልጥ፣ የፋጉሎው ድርሻ በአንድ ነጥብ መውረዱ ብቻ ወደ 2 ሚሊዮን ሄክታር ከሚጠጋ የአኩሪ አተር ማሳ ጋር ይተካከላል።

ችግሩ ያለው መኖውን በእጁ የሚያቀላቅለው አነስተኛ አርቢ ዘንድ ነው። በግራም በሚመዘነው ላይሲን ልክ ከተሳሳተ አሳማው ይቀጭጭበታልና፣ ውድ ቢሆንም ፋጉሎውን ይመርጣል። ለአኩሪ አተር ዘሪዎች ከሚሰጠው ድጎማ ከፊሉ ለዚህ አርቢ ሚዛንና የመኖ ባለሙያ ቢቀርብበት የተሻለ ነበር።