ብቻዋን ናት ወይ?

ስዊዘርላንድ ስኖር ስድስት ዓመት ሞላኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከታችኛው ፎቅ ያሉት ሴትዮ ደጄን ያንኳኩት ሦስት ጊዜ ነው። አንዴ እሑድ ቀን ልብስ በማሽን ስላጠብኩ። ሁለቱ ደግሞ በዝይ ምክንያት።

የምሠራበት እርሻ ላይ አንዲት ዝይ እንቁላሎቿን ጥላ ቀረች። ባለቤቱ ሊደፋቸው ሲል "ለእኔ ስጠኝ" አልኩት። ሦስት ነበሩ። ማስፈልፈያውንም አብሮ አዋሰኝ፤ አክንባሎ የሚያህል ፕላስቲክ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፍዳ እኔ ነኝ የማውቀው። የዶሮ 21 ቀን ነው፤ የዝይ ግን ወደ 30 ይጠጋል። ሙቀቱ 37.5፣ ከዚያ ንቅንቅ የለም። እንቁላሉን በአንዱ ጎን "ሀ"፣ በሌላው "ለ" ብዬ በእርሳስ ጻፍኩበትና በቀን አራት ጊዜ አገላብጣለሁ። እናት ዝይ ለመብላት ስትነሳ እንቁላሉ ትንሽ ስለሚቀዘቅዝ፣ እኔም በየቀኑ ክዳኑን ከፍቼ አናፍሰዋለሁ፣ ለብ ያለ ውኃ እረጭበታለሁ። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ቴርሞሜትር ነው።

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ለምትኖረው እናቴ ደውዬ ይህን ሁሉ ዘረዘርኩላት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና፣ "እዚያ አገር ዶሮ የለም እንዴ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። እሷ ዘንድ ዶሮዋ ከእንቁላሉ ላይ አልነሳ ካለች፣ አሮጌ ቁና ውስጥ ጭድ ይጎዘጎዝና ጓዳ ጥግ ትታቀፋለች። 11 ወይም 13፤ ጎዶሎ መሆን አለበት። ለምን ካላችሁ መልሱ "እንዲያ ነው" ነው። እናቴም እንደኔ እንቁላሉ ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ግን በከሰል፤ ዶሮዋ በኋላ የጨመረችውን ለመለየት። ቴርሞሜትሩ የዶሮዋ ሆድ ነው። ጎረቤት ለቡና በመጣች ቁጥር ቁናው ላይ ጎንበስ ትላለች፣ ዶሮዋ እጇን ጠቅ ታደርጋታለች፣ ስቃ ትቀመጣለች። ዝይ ግን እኛ ዘንድ የውኃ ዳር ወፍ ነው እንጂ የጓዳ አይደለም። ክንፏ ሰማያዊ የሆነ፣ በዓለም ላይ በእኛ ደጋ ብቻ የምትገኝ ዝይ እንዳለች እንኳ ያወቅሁት እዚህ መጥቼ በመጽሐፍ ነው። ይኼም ያናድዳል።

ከሦስቱ አንዱን በባትሪ ሳየው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሌላው መሐል ላይ ሞተ። ሦስተኛው በ29ኛው ቀን ከውስጥ ቅርፊቱን ሰነጠቀው፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምንም የለም፣ ድምፅ ብቻ። መርዳት አይቻልም። የደም ሥሩ ሳይደርቅ፣ አስኳሉም ወደ ሆዷ ገብቶ ሳያልቅ ቅርፊቱን ከላጥሽላት ገደልሻት ማለት ነው። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ እጄን አጣምሬ አደርኩ። ሊነጋ ሲል ወጣች፤ ርጥብ፣ አንገቷን መሸከም ያቃታት፣ መልከ ጥፉ። ቀትር ላይ ደርቃ ቢጫ ጥጥ መስላ ቀና አለችና አየችኝ። በቃ።

ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባል ኦስትሪያዊ ሳይንቲስት ነበር፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ነው። የዝይ ጫጩት እንደተፈለፈለች ያየችውን የሚንቀሳቀስ ነገር እናቴ ብላ እንደምትከተል በራሱ ላይ አሳይቷል። እኔም ላይ አየሁት። ሽንት ቤት ስገባ በሩ ሥር ቆማ ትጮኻለች፤ የቤት ኪራይ የከፈለችው እሷ ይመስል።

ሴትዮዋ የመጡት ይህን ጩኸት ሰምተው ነው። ሊከሱኝ ነው ብዬ በሩን ከፈትኩ። ካርቶኑን፣ አምፖሉን፣ እሷን አዩ።

"ብቻዋን ናት?"

"አዎ።"

ፊታቸው ጠቆረ። ብቻዋን አትኖርም፣ ጓደኛ ያስፈልጋታል፣ ሕግ አለ አሉኝ። ሕጉስ አለ። እዚህ አገር ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንጋ የሚኖር እንስሳን ለብቻው ማኖር አይቻልም፤ ጊኒ ፒግ የሚባለው አይጥ መሳይ የቤት እንስሳ እንኳ ጓደኛ ይገዛለታል። ጥሩ ሕግ ነው፣ አልጣላውም። ግን ባለፈው ክረምት ሳል ይዞኝ ዘጠኝ ቀን ተኝቻለሁ። ማጠቢያ ማሽኑን የሰማ ጆሮ ሳሉን አልሰማም? "ብቻዋን ናት ወይ?" ያለ ማን ነበር?

ሐይቅ ቢሆን ሁለቴ ካሳልኩ ሦስተኛውን ጎረቤት ታስልልኛለች። አጥሚቱ ይመጣል፣ ዳማከሴው ይመጣል፣ "አብሽሪ" ይባላል። እርግጥ አብሮ "መቼ ነው የምታገቢው?" ይመጣል። ከዚያ ጥያቄ ሸሽቼ እንደመጣሁ አልክድም። ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው ምን ያህል እንደሚያሰለችም አልረሳሁም። አሁን ግን የሚያንኳኳም አጣሁ፤ ዝይ ካልፈለፈልኩ በቀር።

በሳምንቱ እርሻው ላይ እኩዮቿ ወደተፈለፈሉበት ወሰድኳት። አራቱን ጫጩቶች ዞር ብላ አየቻቸውና ወደ ጫማዬ ሮጠች። ባለቤቱ ሲመሽ ሞክሪ አለኝ። መሸት ሲል መሐላቸው አስቀምጫት ትራክተሩ ኋላ ተደበቅሁ። ጮኸች፣ ጮኸች፣ ዝም አለች። እኔ ለመውጣት ትንሽ ቆየሁ።

ማታ ደጄ ተንኳኳ፤ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

"ጓደኛ አገኘች?" አሉ ሴትዮዋ።

"አግኝታለች።"

"ጥሩ፣ ጥሩ" ብለው ደረጃውን ወረዱ።

በሩን ሳልዘጋ ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ናት።

"ዝይሽስ?"

"ለባለ እርሻው ሰጠኋት።"

"እሰይ፣ ደግ አደረግሽ። አንቺንስ ለማን እንስጥሽ?"