ለቆጣሪው የሚያዝን ታሪፍ

ባሕር ዳር ተቀምጦ ለውሃ እንደመክፈል የሚያበሽቅ ነገር የለም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆን ጣና ከፊት ተንጣሎ፣ ዓባይ ከጎን እየወረደ፣ ቢል ሲመጣ «የገዛ ውሃችንን ይሸጡልናል?» የማይል ማን አለ? የሚከፈለው እኮ ለፓምፑ መብራት፣ ለክሎሪኑ፣ ለቧንቧውና ሌሊት የፈነዳ መስመር ለሚጠግነው ሰው ነው። በነፃ የፈለገ ባልዲውን ይዞ ጣና መውረድ ይችላል፤ እምቦጩን ገለል አድርጎ።

ጭቅጭቁ ማን ስንት ይክፈል የሚለው ላይ ነው። አዋቂዎቹ ለዚህ በእርከን የሚጨምር ታሪፍ አበጅተዋል፦ ጥቂት የቀዳ በርካሽ፣ ብዙ ያፈሰሰ በውድ። ድሃ ጥቂት ይቀዳል፣ ሀብታም ብዙ፤ በቃ፣ ፍትሕ ወረደ። ችግሩ ታሪፉ የሚያየው ቆጣሪ እንጂ ሰው አለመሆኑ ነው።

በምሳሌ እናስላው። የመጀመሪያው 5 ሜትር ኩብ እያንዳንዱ በ10 ብር፣ ቀጣዩ 5 እያንዳንዱ በ15፣ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ በ20 ብር ነው እንበል። ሹም አቦ አካባቢ አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንዲት አከራይና ስድስት ተከራይ ቤተሰብ አሉ። ሁሉም በቀን አምስት አምስት ጀሪካን፣ ማለትም 100 ሊትር ቢጠቀሙ፣ ለእያንዳንዱ ቤት በወር 3 ሜትር ኩብ ይደርሰዋል። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው 30፣ 30 ብር ይከፍሉ ነበር። ባንድ ቆጣሪ ግን 21 ሜትር ኩብ ሆኑና 50፣ 75 እና 220 ተደምሮ 345 ብር መጣባቸው። በቤት 49 ብር ከምናምን። ለድሃ የታሰበው ርካሽ እርከንስ ወዴት ሄደ? የራሱን ጉድጓድ አስቆፍሮ የከተማውን ውሃ ለሻይ ብቻ ወደሚቀዳው ባለ ቪላ! 4 ሜትር ኩብ፣ 40 ብር። ምስኪን፣ ተደጎመ።

አከራይዋም የራሳቸው ታሪፍ አላቸው፦ «በቤት 60 ብር።» ስድስት ጊዜ ስልሳ 360፤ ቢሉ ተከፍሎ 15 ብር ይተርፋል፣ የእሳቸው ጽጌረዳም በነፃ ይጠጣል። ላጉረመረመ ተከራይ መልሱ አጭር ነው፦ «አንተ ቤት ሕፃን አለ፤ እንዲያውም ልጨምርብህ ነበር።»

እንግዲያው በየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ይግባ የሚል ብልህ አይጠፋም። ይግባ። ግን የትንንሾቹ ድምር ከዋናው ማነሱ አይቀርም። በመሃል ያለው ቧንቧ ያፈሳል፤ የቆጣሪው ሆድ ውስጥ ያለችው መዘውርም በጠብታ አትዞርም። ይህን የደረሰበት ጎረቤት ቧንቧውን ጠብ ጠብ አድርጎ ትቶ፣ ሲነጋ በርሜሉን ሙሉ ያገኘዋል። ልዩነቱን ማን ይክፈል ተብሎ ጉባኤ ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ የቡናውም ውሃ ከዚያው ቆጣሪ ይቀዳል። ከጉባኤው በፊት ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ የዋናው ቆጣሪ ፊት ላይ ያለችውን ትንሿን ኮከብ ማየት ይበቃ ነበር፤ ከዞረች ወይ መስመሩ ወይ የሽንት ቤቱ ገንዳ ያፈሳል። በፈረቃ ጠፍቶ የሰነበተ ውሃ ሲመለስ ደግሞ ቀድሞት የሚደርሰው አየር ነው፤ እያፏጨ ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል። አየርም በእርከን ይከፈልበታል።

ቆጣሪ የሚባል ነገር በደጁ የሌለው ጀሪካን ይገዛል። 1 ሜትር ኩብ 50 ጀሪካን ነው፤ አንዱ በ5 ብር ቢሸጥ 250 ብር። ውዱ እርከን 20 ብር እንደነበር ልብ ይሏል። ለባለ ጀሪካኑ እርከን አልተሠራለትም፣ ገና ደረጃው ጋ አልደረሰም።

መላው ከባድ አይደለም፦ ርካሹን እርከን በቆጣሪው ሥር በሚኖሩት ቤተሰቦች ቁጥር ማብዛት። ለሰባት ቤተሰብ 5 የነበረው 35 ሜትር ኩብ ይሆንና ቢሉ ከ345 ወደ 210 ብር ይወርዳል። የሚያስፈልገው አንድ ቅጽና አንድ መዝጋቢ ነው።

«እማማ፣ እዚህ ግቢ ስንት ቤተሰብ ይኖራል?»

«ይሄን ወረቀት የኪራይ ግብር የሚሉት ሰዎች ያዩታል፣ ልጄ?»

«ሊያዩት ይችላሉ።»

«ኧረ እኔ ብቻዬን ነኝ! እነዚህማ የዘመድ ልጆች ናቸው፣ ሊጠይቁኝ መጥተው።»

«ታዲያ በቀን 700 ሊትር ለብቻዎ?»

«የባሕር ዳርን ሙቀት አታውቀውም እንዴ!»