«እትዉ በሰላም» ከተባለ በኋላ

አሜሪካ ባለ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስቀድስ የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማጣራት ያለበት ሰዓቱን ነው። እኔ በስልክ ጠይቄ «እሑድ ቅዳሴው 12 ሰዓት ይገባል» ስባል፣ አሜሪካ ነው ያለሁት ብዬ በፈረንጅ ሰዓት አስልቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ እኩለ ቀን ላይ ስደርስ ቅዳሴው ካለቀ ቆይቶ ሕዝቡ ለምሳ ተሰልፎ አገኘሁት። የታዘበኝ ያለ አልመሰለኝም። እንዲያውም አንዲት እናት ሳህን አስይዘው «በርታ ልጄ፣ ስትቆም አርፍደህ ደክሞሃል» ሲሉኝ፣ እውነቱን የምናገርበት ድፍረት ስላላገኘሁ በላሁ።

በሚቀጥለው እሑድ በጨለማ ተነሣሁ። ሕንፃው ከፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን የተከራዩት ስለሆነ፣ የሐበሻ ጉልላት ፈልጎ የሚዞር ሰው ሲዞር ይውላል፤ ምልክቱ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነጭ የለበሱ ሰዎች በበረዶ ላይ በጥንቃቄ ሲራመዱ ማየት ነው። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። ሁላችንም ጫማ የምንገዛው አንድ ዓይነት ቅናሽ ሲኖር ይመስለኛል፣ የወንዶቹ ጥቁር ጫማ ሁሉ መንታ ነው፤ ስለዚህ አዲስ መጪ የራሱን የት እንዳስቀመጠ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ መያዝ ይኖርበታል። የካልሲውንም ነገር ከቤቱ ጨርሶ ቢመጣ ይሻለዋል።

ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ይቆማሉ። ቃሉ «ይቆማሉ» ይሁን እንጂ ፈረንጆቹ ከኋላችን ለስላሳ መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር ስለተዉልን፣ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ባለ ቁጥር ከአገር ቤት ይልቅ እዚህ ትርጉም ያለው ትእዛዝ ሆኗል። ለመቀደስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ያን ዕለት አራቱ ተሟልተው አምስተኛው ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ከአየር ማረፊያ እየመጣ ነበርና፣ ከቅዳሴው በፊት የሚጸለየውን ሰዓታት የሚያደርሱት አባት ዜማውን እንዴት እንዳስረዘሙት ለሰማ ሰው፣ ያሬዳዊ ዜማ ለመንገድ መጨናነቅ ጭምር የተዘጋጀ ይመስለው ነበር። ዕጣኑ ሲታጠን ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። ይህን የለመዱ አንድ ጎልማሳ ወንበር ላይ ወጥተው በሳምንቱ መርሐ ግብር ወረቀት ሲያራግቡለት፣ ምእመናኑ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ማለታቸውን ለአፍታ እንኳ አላቋረጡም።

ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ይላል፤ በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ ማለት ነው። ወደ ቤቱ የሚገባ ግን የለም። ስብከቱ ይከተላል፤ ከስብከቱም ማስታወቂያው ይረዝማል። አገር ቤት ከቅጥሩ ውጭ የሚቀሩት ዕድር፣ ደላላ፣ ቀበሌና ሽማግሌ እዚህ አንዲት ማይክሮፎን ጨብጠው ተራ ይጠብቃሉ። የሚከራይ ክፍል አለ፣ ለማያጨስ። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመሸኘት መዋጮ ይሰበሰባል። ብርማ ቶዮታ የሕንፃውን ባለቤቶች በር ዘግታለችና ትነሣ። በመጨረሻም ለሕንፃ መግዣ የሚሆን ጨረታ ይከፈታል፤ ለጨረታ የቀረበው አንድ ሥዕለ አድኅኖ ነበር፣ አጫራቹም ሰው የሚያውቅ ሰው ነው። «የታክሲ ነጂዎች፣ ነርሶቹ እኮ 1,000 ዶላር አሉ!» ሲል በወንዶቹ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ፤ ነጂዎቹ 1,200 ሲሉ ደግሞ ከቀኝ በኩል አንዲት ሴት ሕፃኗን እንዳቀፈች 1,500 ብላ እልልታው ቀለጠ። በጾምና በስግደት ያላየሁትን ተጋድሎ በጨረታ አየሁ።

ቤተ ክርስቲያኑን የሚያስተዳድረው የቦርዱ ነገር ሰፊ ነው። ቀድሞ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ ሳለ አዲስ መጪ የሚጠየቀው የአገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ የስደተኛው ወይስ ከሁለቱም ያልወገነው የገለልተኛው መሆኑን ነበር፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አባቶች ዋሽንግተን ላይ ከታረቁ ወዲህ ይህ ጥያቄ ቀሏል። ቦርዶች ግን ዕርቁ ውስጥ አልተካተቱም። በአንድ ከተማ ሁለት ማርያም ያየ እንግዳ ምእመኑ ስለበዛ ከመሰለው የዋህ ነው፤ ሁለተኛዋ የተተከለችው አንድ ስብሰባ ላይ ሒሳብ ሹም ተጠይቀው ሳይመልሱ የወጡ ዕለት ነው።

ምሳ ላይ ምርመራው ተጀመረ። «መቼ መጣህ? በዲቪ ነው? የማን ልጅ ነህ? ወረቀትህ አለቀ? አላገባህም?» የሚሉት ጥያቄዎች በዚህ ቅደም ተከተል የሚመጡ ሲሆን፣ ለመጨረሻው «አላገባሁም» ብሎ የመለሰ ሰው ከሦስት ጠረጴዛ ማዶ ሳይቀር ቀና ብለው ያዩታል። እኔ ሳህኔን ይዤ ጥግ ስፈልግ የባለፈው ሳምንቷ እናት አገኙኝ።

«ዛሬስ አስቀደስክ» አሉኝ።

«ባለፈውም እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተው ልጄ» አሉ ወጡን እየጨለፉልኝ፤ «አዲስ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ እሑዱን በቀትር ነው የሚመጣው። እኔስ ለዚሁ ብዬ አይደል ሁልጊዜ አንድ ሳህን የማስቀረው?»