ማስተካከያ፦ ትርፍ ሰዓትና የደመወዝ ግብር

«ደመወዝ 7,000 ብር ካለፈ ግብሩ 25 በመቶ ስለሚገባ ትርፍ ሰዓት አያዋጣም» ተብሎ ቀደም ሲል የወጣው መረጃ ይታረም። 25 በመቶው የሚያርፈው ከ7,000 በላይ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ጎንደር ፒያሳ ሆቴል ውስጥ በ6,900 ብር የምትሠራ አስተናጋጅ 400 ብር ትርፍ ሰዓት ብታገኝ፣ በ2017ቱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ግብሯ 7,300 በ25 በመቶ ተባዝቶ 850 (እስከ 7,000 ያለው ገንዘብ በዝቅተኛ መቶኛ እንዲታሰብ የሚደረግ ተቀናሽ) ሲቀነስለት 975 ብር ነው። ያለ ትርፍ ሰዓቱ 880 ነበር። ስለዚህ ከ400ው 305 ብር ኪሷ ይገባል፤ 7 በመቶው የጡረታ መዋጮም የሚቆረጠው ከመደበኛ ደመወዟ ብቻ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ሒሳብ ሠራተኛው 850ውን መቀነስ ሲረሳ ነው፤ ያኔ ግብሩ 1,825 ይሆንና በእጇ የሚደርሰው ከበፊቱም ያንሳል። እንዲህ ከሆነ ለጥምቀት ሰሞን እንኳ ተጨማሪ ፈረቃ አልገባም ብትል አይፈረድባትም። ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ ከመፈረም በፊት ይህን ተቀናሽ ማጣራት ነው።